ታጥበው የሚገቡበት ገንዳ፦ የጃፓን የተራራ ፍል ውሃና ማደሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ከጃፓን የሚመጡ ቪዲዮዎችን የሚያይ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። በረዶ የተጫናቸው ጥዶች አሉ። በመሃላቸው ድንጋይ የተደረደረበት ኩሬ ይጨሳል። ኩሬው ውስጥ ሰዎች እስከ አንገታቸው ተነክረው፣ አናታቸው ላይ ትንሽ ፎጣ ጣል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከሥር የሚጻፈው አስተያየትም ይመሳሰላል። «ራቁታቸውን ናቸው እንዴ?» «ስፓ ነው ወይስ እንደ ጠበል ነው?» «እኛስ ብንሄድ ያስገቡናል?»

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። በ2024 ብቻ ከ36 ሚሊዮን በላይ የውጭ ጎብኚ ጃፓን ገብቷል። ብዙው ሰው አንድ ቀን ፍል ውሃ ሳይገባ መመለስ አይፈልግም። ሥርዓቱን ሳያውቅ ገብቶ የሚያፍር አለ፤ ሳያስበው ሌላውን የሚያስቀይምም አለ። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጃፓን ውስጥ ማደሪያ ያላቸው የፍል ውሃ ሰፈሮች ወደ 3 ሺህ ይጠጋሉ። ሁሉንም መዞር ስለማይቻል አንዲት ከተማ እንይዛለን፤ ኩሳትሱን። ከቶኪዮ ሰሜን ምዕራብ፣ ጉንማ በሚባለው ተራራማ ክፍለ ሀገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦንሰን ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ሞቃት ምንጭ» ነው። ጃፓኖች ለውሃውም፣ ለመታጠቢያውም፣ በዙሪያው ለተሠራው ሰፈርም በአንድ ቃል «ኦንሰን» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ «ፍልውሃ» ሲባል ምንጩም፣ መታጠቢያ ቤቱም፣ አካባቢውም እንደሚታሰበው ማለት ነው።

ሕግ ግን አለው። በ1948 የወጣው የኦንሰን ሕግ ሁለት መለኪያ አስቀምጧል። ውሃው ከመሬት ሲወጣ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ኦንሰን ነው። ካልሞቀ ደግሞ በሕጉ ከተዘረዘሩት 19 ንጥረ ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነው መጠን መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀዝቃዛ ሆኖ የወጣ ውሃ ማዕድን ስላለው ብቻ ኦንሰን ተብሎ፣ በማሞቂያ ሞቆ ሊቀርብ ይችላል። ቶኪዮ መሃል ላይም ኦንሰን አለ። መሬት በጥልቀት ሲቆፈር በየ100 ሜትሩ 3 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ፣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የቆፈረ ሰው ለብ ያለ ውሃ ማግኘቱ አይቀርም። በሕግ ሁለቱም ኦንሰን ናቸው። ኩሳትሱ ግን ያለ ማሞቂያም ያለ ፓምፕም ራሱ ገንፍሎ ከሚወጣው ወገን ናት።

ውሃውን ማን ያፈላዋል?

ኩሳትሱ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እኛ ጋ ይህ ከፍታ ቆላ ነው ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። ጃፓን ግን ከምድር ወገብ ስለምትርቅ፣ እዚያ ከፍታ ላይ የብርዱ ወራት በረዶ ቤት ይቀብራል። ድሮ ነዋሪዎቹ ብርዱ ሲገባ ከተማዋን ዘግተው ወደ ታችኞቹ መንደሮች ይወርዱ ነበር። የሚመለሱት በረዶው ሲቀልጥ ነው።

ከከተማዋ በላይ ኩሳትሱ ሺራኔ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። ነገሩን እንደ ጀበና አስቡት። እሳቱ ከሥር ነው። ዝናቡና የቀለጠው በረዶ በተሰነጠቀ ዓለት ውስጥ ሰርጎ ወደ ጀበናው ሆድ ይወርዳል። እዚያ ይግላል። ሲግል ይገፋል፤ ሲገፋ ያገኘውን ቀዳዳ ይዞ ይገነፍላል። ቡናው ውሃውን እንደሚያጠቁረው ሁሉ ዓለቱና ከታች የሚወጣው ጋዝም ውሃውን ይለውጡታል። በተለይ ድኝ ይሰጡታል። ለዚህ ነው ወደ ከተማዋ የሚገባ ሰው ፍል ውሃውን ከማየቱ በፊት የሚሸተው። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ይመስላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አፍንጫ ይለምደዋል።

የእኛም የስምጥ ሸለቆ ፍል ውሃዎች ሙቀታቸውን የሚያገኙት ከመሬት ሆድ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ምድር እየተሰነጠቀች ትለያያለች፤ ጃፓን ላይ ደግሞ አንዱ የምድር ንጣፍ በሌላው ሥር ይገባል፤ ከላዩ ያለው ዓለትም በዚያ ሰበብ ይቀልጣል።

መጠኑን ላሳያችሁ። ኩሳትሱ ላይ በየደቂቃው ከ32 ሺህ ሊትር በላይ ፍል ውሃ በራሱ ይወጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንይዝ በየደቂቃው 1,600 ጀሪካን ይሞላል፤ ሌሊቱንም፣ በዓመት በዓሉንም። ጃፓን ውስጥ በራሱ ከሚፈልቅ ውሃ ይህን ያህል ያለው ቦታ እንደሌለ ይነገራል።

ውሃው ኃይለኛ አሲድ ነው። ኮምጣጣነቱ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ይቀራረባል። ወፍራም የብረት ምስማር ገመድ አስራችሁ ብትነክሩበት ዐሥር ቀን ገደማ ሲሆነው ቀጭን ሽቦ ሆኖ ይወጣል። ሲሚንቶም ይበላል። ከከተማዋ የሚወርዱት ወንዞች ለብዙ ዘመን ዓሣ የማይኖርባቸው፣ ለመስኖም የማይሆኑ ነበሩ። በ1964 አንድ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በውሃ በጥብጦ በቀን በሌሊት ወንዙ ውስጥ መጨመር። ኖራው አሲዱን ይገድለዋል፤ ዝቃጩ ከታች ባለ ግድብ ይያዛል። ወንዙ ያገገመው በዚህ ነው። ጣቢያው ዛሬም አይቆምም፤ ውሃውም አይቆምማ።

ያንን የሚያህል ፍል ውሃ እንዴት ይገባበታል?

ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ከተማዋ መሃል፣ አደባባይ በሚሆንበት ቦታ ላይ፣ ትልቅ የፍል ውሃ ሜዳ አለ። ስሙ ዩባታኬ ነው፤ «የፍል ውሃ ማሳ» ማለት ነው። እውነትም ማሳ ይመስላል። ጎን ለጎን የተዘረጉ ሰባት ረጃጅም የእንጨት ቦዮች አሉ። ውሃው ከ50 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይወጣና በቦዮቹ ላይ በቀስታ ይሄዳል። እየሄደ ንፋስ ይመታዋል። ቦዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደ ፏፏቴ ይወርዳል። ከዚያ ለመታጠቢያ ቤቶቹና ለማደሪያዎቹ ይከፋፈላል። እግረ መንገዱን ቦዩ ላይ ነጭ ቢጫ ዝቃጭ ይጥላል። ዝቃጩ «የፍል ውሃ አበባ» ይባላል። በየጊዜው ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ለቤት መታጠቢያ ይሸጣል። ቦዮቹ ከእንጨት የሆኑት ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብረት ቢሆኑ ምስማሩ የደረሰበት ይደርስባቸው ነበር።

ቀዝቃዛ ውሃ ለምን አይጨምሩበትም? ይቀጥናላ። ወጥ በዛልኝ ብሎ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ይበርዳል፣ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ስለዚህ ድሮ ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። ስሙ ዩሞሚ ነው፤ «ፍል ውሃን ማሸት»። ሴቶች በገንዳው ዙሪያ ይቆማሉ። እያንዳንዷ 1.8 ሜትር ያህል የሚረዝም ጠፍጣፋ ሳንቃ ይዛለች። ሳንቃውን ውሃው ውስጥ ሰክተው ግራና ቀኝ ያገላብጡታል፤ እየዘፈኑ፣ እኩል ምት ይዘው። ከሥር ያለው ወደ ላይ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይበርዳል። የእኛ ሰው ሲያጭድና ሲወቃ እንደሚያዜመው፣ ዘፈኑ ድካም ያስረሳል፤ እጅም ከእጅ ጋር ያስማማል። መጨረሻ ላይ ሳንቃውን ውሃው ላይ ጠፍ ሲያደርጉት ውሃው ጣሪያ ድረስ ይረጫል፤ የፊተኛው ረድፍ ተመልካች ይርሳል። ዛሬ ዩሞሚ በአብዛኛው ለእንግዳ የሚቀርብ ትርኢት ነው። ዱሮ ግን ያለሱ መግባት የማይታሰብ ነበር።

በዚያ ዘመን በሽተኞች በቡድን የሚገቡበት ሥርዓትም ነበር። ውሃው ከ45 ዲግሪ በላይ ነው። መሪ ይቆማል፤ ማዕረጉ «የውሃ አለቃ» ነው። ሁሉም መጀመሪያ ውሃ አናታቸው ላይ በብዛት ያፈሳሉ። አለቃው ሲፈቅድ አንድ ላይ ይገባሉ። ሦስት ደቂቃ ይቆያሉ። አለቃው የቀረውን ጊዜ ይጠራል፤ እነሱ በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል። ሰው በሙቀት ራሱን ቢስት የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ድምፁ ይጠፋል።

ሌላም ምንጭ አለ። በ1970 ድኝ ፍለጋ ሲቆፈር የተገኘ ነው፤ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ንጹሕ ውሃ እያሞቁ ለየቤቱ ያከፋፍላሉ፤ የመንገድ በረዶም ያቀልጡበታል።

ለምን ራቁት? ለምንስ ታጥቦ?

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚፈራው ጥያቄ መጣን።

መልሱ አዎ ነው፤ ያለ ልብስ ነው የሚገባው። ዋና ልብስም አይፈቀድም። በአብዛኛው ቦታ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። በሩ ላይ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው የወንድ፣ ቀዩ የሴት ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ማደሪያዎች እንግዳው ሁለቱንም ገንዳ እንዲያይ ብለው ማታና ጠዋት ያቀያይሯቸዋል። ማታ የገባችሁበት በር ጠዋት የሌላው ጾታ ሊሆን ስለሚችል መጋረጃውን ሳታዩ እንዳትገቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ልብሳችሁን ቅርጫት ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ትንሿን ፎጣ ብቻ ትይዛላችሁ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ከግድግዳው ሥር ዝቅ ያሉ በርጩማዎች፣ ሳህኖችና የእጅ ሻወር ታገኛላችሁ። በርጩማው ላይ ቁጭ ትላላችሁ። ሳሙናና ሻምፑ እዚያው አለ። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጣት ትታጠባላችሁ። አረፋው አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳይቀር ትለቃለቃላችሁ። በርጩማውንም ለሚቀጥለው ሰው ታጥባላችሁ። ከዚያ ብቻ ነው ገንዳው።

ሚስጥሩ እዚህ ጋ ነው። ገንዳው የመታጠቢያ ቦታ አይደለም። የተነጠፈ የጋራ ማዕድ አድርጋችሁ ውሰዱት። ማዕድ ላይ እጁን ሳይታጠብ የሚቀርብ ሰው የለም፤ እጁን የሚታጠበውም ትሪው ላይ አይደለም። ውሃው ከእናንተ በፊት ለነበረው ሰው የነበረ፣ ከእናንተ በኋላም ለሚመጣው የሚቆይ ነው። ሌሎቹ ደንቦች ሁሉ ከዚህች አንዲት ሐሳብ ይቀዳሉ። ፎጣው ውሃ አይነካም፤ ቆሻሻ ይዞ ይገባልና። አናት ላይ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ረጅም ፀጉር ይታሰራል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ጠቅልላ ከላይ ትሰበስበዋለች። ዋና የለም፣ መንቦጫረቅ የለም፣ ስልክ የለም። የዋና ልብስ የተከለከለውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ልብሱ የያዘውን ሳሙናና ጨው ሁሉ ውሃው ውስጥ ስለሚለቀው ነው።

ኀፍረቱስ? የሄዱ ሰዎች የሚሉት አንድ ነው፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚቆየው። ማንም ማንንም አያይም። አያት ከልጅ ልጅ ጋር፣ አለቃ ከሠራተኛው ጋር ይገባል። ልብስ ሲወልቅ ማዕረግም አብሮ ይወልቃል የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ካልቻላችሁ ደግሞ መፍትሔ አለ። ብዙ ማደሪያዎች በሰዓት የሚከራይ የቤተሰብ ገንዳ አላቸው። በሩን ዘግታችሁ ብቻችሁን ትገባላችሁ። ለሃይማኖቱ ወይም ለልማዱ ሲል ሌላ ሰው ፊት መራቆት የማይፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ይያዝ።

ንቅሳት ያለው ሰውስ?

ብዙ መታጠቢያ ቤቶች ንቅሳት ያለውን ሰው አያስገቡም። ምክንያቱ ያኩዛ የሚባሉት የወንበዴ ቡድኖች ገላቸውን በንቅሳት ስለሚሸፍኑ ነው፤ ክልከላው እነሱን ለማራቅ የመጣ ነው። በ2015 የጃፓን ቱሪዝም ኤጀንሲ ባደረገው ጥናት ከመለሱት ድርጅቶች ከግማሽ በላይ የሆኑት እንደማያስገቡ ተናግረዋል።

ችግሩ ንቅሳት የወንበዴ ምልክት ያልሆነለት ሕዝብ መኖሩ ነው። በ2013 ከኒውዚላንድ የመጡ የማኦሪ ሴት፣ የባህላቸው የሆነው የፊት ንቅሳት ታይቶ፣ ሆካይዶ በሚባለው የጃፓን ደሴት ላይ ከበር ተመልሰዋል። እኛንም ይመለከታል። አንገቷ ላይ ንቅሳት፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት እናታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ በር ላይ ያው ሊገጥማችሁ ይችላል። እኔ ይህን ደንብ ትክክል ነው ማለት አልችልም። እየላላ ነው። አንዳንዱ ቤት ትንሽ ንቅሳት በፕላስተር ተሸፍኖ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ጭራሽ የማይከለክልም አለ። አስቀድሞ መጠየቅ፣ ካልሆነም የቤተሰብ ገንዳ መያዝ ነው።

ርዮካን ከሆቴል በምን ይለያል?

ርዮካን የጃፓን ባህላዊ ማደሪያ ነው። ሆቴል አልጋ ያከራያል። ርዮካን ግን ሰውን በእንግድነት ይቀበላል ቢባል ይቀላል። ያማናሺ በሚባለው ሌላ ተራራማ ክፍለ ሀገር ያለው ኬዩንካን በ705 እንደተመሠረተ ይነገራል። ጊነስም የዓለም ረጅም ዕድሜ ያለው ሆቴል ብሎ መዝግቦታል።

ጫማ በር ላይ ይቀራል። ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። እሱም ክፍላችሁ በር ላይ ይቀራል፤ ወለሉ ታታሚ ነውና። ታታሚ ከሣር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ የሚረገጠው በካልሲ ወይም በባዶ እግር ነው። ክፍሉ ውስጥ አልጋ አታዩም። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ መቀመጫ ትራስና ሻይ ብቻ አለ። እራት በልታችሁ ስትመለሱ ጠረጴዛው ተነስቶ ፍራሽ ተነጥፏል። አንዱ ክፍል ሳሎንም መኝታም ነው።

ዩካታ የሚባል ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ይሰጣችኋል። ሲለበስ የግራው ጎን በቀኙ ላይ ይደረባል። ተገልብጦ፣ ቀኙ በግራው ላይ የሚለበሰው ለአስከሬን ነው፤ ይህን የተሳሳተ እንግዳ ሲያዩ አስተናጋጆቹ ሮጠው ያስተካክሉለታል። ዩካታውን ለብሶ ከተማ መዞር ነውር የለበትም። ኩሳትሱ ላይ ማታ ማታ ዩባታኬን የሚዞረው ሰው ብዙው እንደዚያ ነው።

ዋጋው የሚቆጠረው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው። ብዙ ጊዜ እራትና ቁርስ ውስጡ አሉ። ለዚህ ነው በኢንተርኔት ሲታይ የሚወደደው። በዚህ ላይ የመታጠቢያ ግብር አለ፤ የተለመደው በሰው በቀን 150 የን ነው። እራት በሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት። ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብሎ መሄድ ሌላ ሰው ቤት ግብዣ ላይ ማርፈድ ነው። ምግቡ በትናንሽ ሳህን እየተከታተለ ይመጣል። ተራራ ላይ ስለሆነ የወንዝ ዓሣ፣ የጫካ ቅጠላ ቅጠልና እንጉዳይ ይበዛል። ጉንማ ላይ ኮንያኩ የሚባል ከሥራሥር የሚሠራ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ምግብ አይቀርም፤ የጃፓን የኮንያኩ ተክል ከሞላ ጎደል የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለጾመኛና ለሙስሊም አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዓሣ መረቅ ነው። ማጣፈጫው ውስጥም የሩዝ አልኮል ይገባል። ስትደርሱ ሳይሆን ክፍሉን ስትይዙ ተናገሩ። ወጥ ቤቱ እያንዳንዱን እንግዳ አስቦ ስለሚገበይ ቀድሞ ከሰማ ይጨነቅላችኋል።

ቤቱን የምትመራው ሴት ኦካሚ ትባላለች። ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ሚስት ወይም ልጅ ናት። እንግዳ የምትቀበለው፣ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆማ እጇን እያወዛወዘች የምትሸኘው እሷ ናት። ሥራው ከባድ ነው። ልጆች ወደ ከተማ እየሄዱ ወራሽ ያጡ ርዮካኖች እየተዘጉ ነው።

በእርግጥ ያድናል?

ሙቀቱ የደም ሥርን ይከፍታል፤ ጡንቻን ያላላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምን ያስታግሳል። የኩሳትሱ አሲድ ደግሞ የቆዳ ባክቴሪያ ይገድላል፤ የቆዳ በሽተኞች ለዘመናት የወጡት ለዚህ ነው። ኤርቪን ፎን ቤልትስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1876 ቶኪዮ ሕክምና ለማስተማር መጥቶ ኩሳትሱን ደጋግሞ መረመረ፤ ውሃዋንም የተራራ አየሯንም ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ከዚያ በፊትም ዝናው ነበር። በዘመኑ ጃፓንን የሚገዛው የጦር አለቃ (ሾጉን) ቶኩጋዋ ዮሺሙኔ ውሃውን በበርሜል አስቀድቶ እስከ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ያስወስድ ነበር።

ካንሰር ያድናል፣ ስኳር ያጠፋል የሚለውን ግን አትመኑ። በተቃራኒው ሊጎዳ ይችላል። ልባችሁ ወይም ደም ግፊታችሁ ችግር ካለው ሐኪም ጠይቁ። ጠጥታችሁ አትግቡ። ከብርድ ወደ 42 ዲግሪ ውሃ በአንዴ ዘልሎ መግባት ግፊትን ያናውጣል፤ ጃፓን ውስጥ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያን በገዛ ቤታቸው ገንዳ ውስጥ ይሞታሉ። ቀስ ብላችሁ ከእግራችሁ ጀምሩ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ወጥታችሁ ውሃ ጠጡ። ቁስል ካላችሁ የኩሳትሱ ውሃ ያንገበግባችኋል፤ ዓይናችሁንም አታስነኩት። የብር ጌጣችሁን አውልቁ፤ ድኝ ያጠቁረዋል።

ውሃው እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በ2004 ጃፓንን ያስደነገጠ ነገር ተገለጠ። ናጋኖ ውስጥ ሺራሆኔ የሚባል ኦንሰን በወተት በመሰለ ነጭ ውሃው የታወቀ ነበር። ንጣቱ በደከመ ጊዜ አንዳንድ ገንዳዎች ውስጥ ዱቄት እየተጨመረ እንደነበር ታወቀ። ከዚያ በኋላ፣ በ2005፣ ደንቡ ተሻሻለ። ዛሬ እያንዳንዱ ቤት ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምር እንደሆነ፣ ያሞቅ እንደሆነ፣ ውሃውን አጣርቶ መልሶ ይጠቀም እንደሆነ፣ ማጽጃ መድኃኒት ወይም የመታጠቢያ ዱቄት ይጨምር እንደሆነ ለጥፎ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ ፈልጉት። «ካኬናጋሺ» የሚል ቃል ካገኛችሁ ውሃው ከምንጩ መጥቶ፣ ገንዳውን ሞልቶ፣ በጠርዙ እየፈሰሰ የሚያልፍ ነው ማለት ነው።

ውሃው ለሁሉም ነበር?

ይህን ሳያነሱ ስለ ኩሳትሱ ማውራት አልወድም።

ኩሳትሱ ላይ የሰፈር መታጠቢያ ቤቶች አሉ፤ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ነዋሪው ይጠብቃቸዋል፣ ያጸዳቸዋል። ሦስቱ ለእንግዳም በነጻ ክፍት ናቸው። ውሃው የሁሉም ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ በዓይን ይታያል።

የቆዳ በሽታ ያድናል በሚለው ዝና ምክንያት ግን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከመላው ጃፓን ወደዚህች ከተማ ይመጡ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከሌላው እንግዳ ተለይተው ዩኖሳዋ ወደሚባል የታችኛው ሰፈር ተወሰዱ። እዚያ የራሳቸውን ማደሪያ፣ ሱቅና ኑሮ መሠረቱ። ሜሪ ኮርንዎል ሊ የተባሉ እንግሊዛዊት ሚስዮናዊት ሀብታቸውን ይዘው መጥተው አብረዋቸው ኖሩ። በ1932 መንግሥት ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሕመምተኞች ማቆያ ከፈተ። ቀስ በቀስም ሰፈሩ ፈረሰ።

በ1938 በማቆያው ግቢ ውስጥ እስር ቤት ተሠራ። ከየአገሩ ማቆያ «አስቸገሩ» የተባሉ ሕመምተኞች ያለ ፍርድ ይላኩበት ነበር። በረዶ በሚቀብረው ተራራ ላይ ማሞቂያ አልነበረውም። እስከ 1947 ድረስ 93 ሰዎች ገቡበት፤ 23ቱ ሞቱ። ሕመምተኞቹን ለይቶ የሚያስቀምጠው ሕግ የተሻረው በ1996 ነው፤ በሽታው መድኃኒት ካገኘ ከስንት ዐሥርት ዓመታት በኋላ።

በ2014 እዚያው አጠገብ ሙዚየም ተከፈተ። የእስር ክፍሉ በልኩ ተመስሎ ተሠርቷል። ወደ ኩሳትሱ የሚወጣ ሰው ከዩባታኬ ብዙም ሳይርቅ ያገኘዋል።